እትዬ ትርፌ ጋቢና ሲቀመጡ

የእትዬ ትርፌን ማረፍ በስልክ የነገሩኝ ጋሽ መኮንን ናቸው። ጋሽ መኮንን አስተማሪ በነበሩበት ዘመን «ጸጥታ!» ሲሉ ከኮልፌ እስከ መርካቶ ያለው ውሻ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር ይባላል፤ የምለው እኔ ነኝ። አሁን ግን ሕመሙ ድምፃቸውን መጥጦት፣ ሲያወሩ ትንኝ ምሥጢር የምታዋይህ ይመስላል። «በላቸው፣ ትርፌ እኮ…» አሉኝ። የቀረው አልተሰማኝም። እንዲደግሙልኝም አልጠየቅኩም። ያልሰማሁትን ቃል አውቄው ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ስዞር ባለቤቴ አልማዝ «ምን ተባለ?» አለችኝ።

«እትዬ ትርፌ ሞቱ።»

«አሁን በዚህም ይቀለዳል?» ብላ ጮኸችብኝ።

አልፈርድባትም። ከተጋባን ጀምሮ ሦስት እውነት ብናገር ነው፤ አንደኛው ስሜ ነው። በዚያ ላይ ፊቴ ለሠርግም ለቀብርም አንድ ዓይነት ከሆነ ቆይቷል። ደስ ሲለኝም ሲከፋኝም ያው የመታወቂያ ፎቶ ነኝ። ፓርኪንሰን ከሰው መጀመሪያ የሚሰርቀው እጁን ነው ይላሉ፤ ከእኔ የሰረቀው ግን የቀልዴን ማጀቢያ ነው። አልማዝ ያመነችኝ ከዚያ ከማይንቀሳቀስ ፊት ላይ እንባው ሲወርድ ስታይ ነው።

ኮልፌ አጠና ተራ እትዬ ትርፌን የማያውቅ ሰው ካለ፣ አዲስ አበባ የገባው ትናንት ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው የመጡ፣ ባላቸው ሲሞቱ የባህር ዛፍ አጠና ንግዱን ተረክበው ወንዱን ሁሉ ያስናቁ ሴት ነበሩ። አጭር ናቸው። እዚያ ግቢ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ አጭሩ እሳቸው ነበሩ። ገዥ ሲመጣ አጠናውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉትና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። «ይሄ ደህና ነው። ይሄ ነቅዟል። ይሄ ዘንድሮን ያልፋል፣ ከርሞን አይደግምም» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም። ጠማማውን አጠና ገዥው ወርውሮ ሲጥል ደግሞ ይቆጣሉ፤ «ጠማማ ቢሆንም ለማገዶ አይጣልም፣ ቦታ ይፈለግለታል!» ይሉና አንሥተው ግድግዳ ያስደግፉታል። የእኛ ሰፈር ግማሹ የዶሮ ቤት የቆመው በእሳቸው ጠማማ አጠና ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ ከአጠና ተራ ዘነበወርቅ የምትሠራ ሚኒባስ ሹፌር ነበርኩ። ሕመሙ ሲጀምረኝ እንደ መልካም ዜና ነበር የተቀበልኩት። አንዳንድ ቀን መስመር ቀይሬ በቆሼ በኩል እጭናለሁ። ቆሼ የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ነው፤ ሽታው ከተሳፋሪው ቀድሞ ገብቶ ወንበር ይይዛል። አንድ ጠዋት ተሳፋሪው በሙሉ ነጠላውን፣ ሻርፑን፣ ያጣው እጅጌውን አፍንጫው ላይ ሲጭን፣ እኔ ምንም።

«በስመ አብ! አጸዱት እንዴ?» አልኩ።

ረዳቴ ግርማ፣ አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሽበታም፣ በመስተዋቱ አየኝና «ጉንፋን ይዞሃል?» አለኝ።

«የለም፣ እኔ ወንድ ነኝ» አልኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ ፎከርኩ።

ቀጥሎ ቀኝ እጄ ማርሽ ላይ ሲያርፍ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ግን የእኔ ሚኒባስ እንኳን ማርሹ፣ ጣሪያው ላይ የተለጠፈው ሥዕል ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። መኪናውን አማሁት። ሁለት ጊዜ ጋራዥ ወስጄ እጄን አሳየሁ ማለት ነው።

አንድ ቀን አጥሬ ወድቆብኝ አራት አጠና ልገዛ እትዬ ትርፌ ግቢ ገባሁ። ቀኝ እጄን ኪሴ ከትቼ በግራዬ ነበር አጠናውን የማገላብጠው።

«አንተ ሹፌር» አሉኝ። «እጅህን ኪስህ ውስጥ ማን አሰረብህ?»

«ቁልፍ ይዤበት ነው፣ እትዬ።»

«አውጣው እስቲ።»

«ሌባ አይጠፋም ብዬ ነው።»

«እዚህ ግቢ ከአንተ ሌላ ሌባ የለም። አውጣው!»

አወጣሁት። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ የማይታይ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር መነኩሴ ይፋተጋሉ። እትዬ ትርፌ አልሳቁም፣ አልደነገጡምም። ገና ካልተመለመለ አጠና ላይ ቅጠል ቀነጠቡና በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት። የባህር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ሬሳ ያስነጥሳል።

«ምን ይሸትሃል?»

«ምንም።»

«ደህና አድርገህ ሳበው።»

ሳብኩት። ውኃ ይሻላል።

«እኔንም አይሸተኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ዕድሜዬን ሙሉ ከባህር ዛፍ ጋር ውዬ አድሬ፣ አንድ ቀን ሽታው ጥሎኝ ሄደ። ከዚያ እጄ መጣ። ከዚያ እግሬ።» ይህን ብለው ትከሻዬን እንደ አጠና በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ። ትንፋሼን ዋጥኩ። የሚሰማ ነገር ያለ መስሎኝ ነበር።

«ሐኪም ጋ ሂድ። ስሙን እኔ አልነግርህም፤ ሐኪም ይንገርህ። ከነገረህ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ና።»

ሐኪሟ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። አስነሣችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ አስኬደችኝ፣ ጣቴን አስከፍታ አስዘጋችኝ። ስሙን ነገረችኝ። «ቀስ እያለ ነው የሚሄደው» አለችኝ። «የእኔም ታክሲ ቀስ እያለች ነው የምትሄደው፣ ግን መድረሷ አይቀርም» አልኳት። እሷ ፈገግ አለች፤ የእኔ ፊት አልመጣም። ከዚያ ክኒኑን ጽፋ ስትሰጠኝ «መንዳቱን ግን ቢያቆሙ ይሻላል፤ እግርዎም መዘግየት ጀምሯል» አለች።

ወጥቼ ፌርማታው ላይ ተቀመጥኩ። ታክሲው ይመጣል፣ ይሄዳል። ፍርሃት አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አልማዝን እፈራለሁ፣ ትራፊክ ፖሊስ እፈራለሁ፣ ሽታ በነበረኝ ጊዜ የግርማን ካልሲ እፈራ ነበር። ይሄ ግን ከዚያ ወገን አልነበረም። ጉልበቴ ላይ ያረፈውን የገዛ እጄን እያየሁ ፈራሁት። ከእኔ ጋር የሚበላ፣ ከእኔ ጋር የሚተኛ፣ ግን የእኔ ያልሆነ። ከአውሬ ትሸሻለህ፤ ከእጅህ ወዴት ትሸሻለህ?

ቅዳሜ ሄድኩ። ሦስት ሰዎች የአጠና ክምር ላይ ተቀምጠዋል፤ እትዬ ትርፌ፣ ጋሽ መኮንንና ሰናይት። ሰናይት ሹሩባ ሠሪ ነበረች፣ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ። ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ሥራዋን ትታለች። ማኅበር አይሉት ዕድር፣ ስም የለውም። ሥራው ግን አለ። መሬት ላይ አሥራ ሁለት አጠና አንድ እርምጃ እያራራቁ አጋድመው፣ በተራ እየተነሡ ይሻገሩታል።

«ይሄ ምንድነው? ወታደር ቤት ነው?» አልኩ።

«ልጆቼ ሳሎኔን ሴራሚክ አነጠፉልኝ» አሉ እትዬ ትርፌ። «ይብለጨለጫል፣ ያምራል። እሱ ላይ ስቆም እግሬ እንደ ምሰሶ ይተከላል። እህል ቀርቦ፣ እንግዳ ቁጭ ብሎ፣ እኔ መሐል ቤት ቆሜ እቀራለሁ። እዚህ ግን የተጋደመ አጠና ስሻገር ውዬ አንድ ቀን ተተክዬ አላውቅም። እግር በቅሎ ነው፤ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ይለግማል፣ መሰናክል ሲያይ ይነሣል።»

ከዚያ ተራዬ ሆነ። እግሬ ሲያመነታ ከኋላዬ «ተሻገር!» ብለው ይጮሃሉ። ያ ጩኸት ከጆሮ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚት ነው የሚገባው። ለሰናይት «ተሻገሪ!»፣ ለጋሽ መኮንን «ይሻገሩ!»። ስንጨርስ ድምፅ ማውጣት አለ። ጋሽ መኮንን በር ላይ ቆመው «አጠና! አጠና!» እያሉ ገዥ ይጠራሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የሰማቸው አንድ ዝንብ ነው። በስድስተኛው ቅዳሜ አንድ ሰውዬ መጥቶ ስምንት አጠና ገዛ፤ ጋሽ መኮንን አለቀሱ።

እዚያ ግቢ አንድ የተከለከለ ቃል ነበር፤ «አይዞህ»። ማንም ሰው «ፈራሁ» ማለት ይችላል፤ ሌላው ግን «አይዞህ» ማለት አይችልም።

«አይዞህ የሚልህ ሰው ተነሥቶ ሊሄድ ነው» ይሉ ነበር እትዬ ትርፌ። «ፈራሁ ያለ ሰው ‹ምኑን?› ተብሎ ይጠየቃል።»

ሰናይት «ፈራሁ» አለች አንድ ቀን።

«ምኑን?»

«ልጄ ጫማዬን ልታስርልኝ ስትጎነበስ ጭንቅላቷን ከላይ አየሁት። ሹሩባዋን ሌላ ሰው ነው የሠራላት።»

አብረናት ተቀመጥን። እኔ እንኳን፣ ቀብር ላይ ካልቀለድኩ የሚያመኝ ሰው፣ አልቀለድኩም።

ውሸቱን የዋሸሁት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። እትዬ ትርፌ «ታክሲዋንስ?» ብለው ጠየቁኝ። «ለሌላ ሹፌር አስረክቤያለሁ» አልኩ። «ጎሽ» አሉ። አለቀ። በእውነቱ ግን በማግሥቱ ንጋት ላይ መሪው ላይ ነበርኩ። መሪ ስይዝ በላቸው ነኝ፤ ተሳፋሪው በቀልዴ ይስቃል፣ ማዞሪያው ሁሉ ስሜን ያውቀዋል። ከመሪው ስወርድ ማን እንደምሆን አላውቅም ነበር፤ ያንን ሰውዬ ማግኘት ፈራሁ።

የከፋው ደግሞ ይሄ ነው። ያ ግቢ ሊረዳኝ የሰጠኝን ሁሉ ለመደበቂያ አዋልኩት። ጋሽ መኮንን ክኒኑ በባዶ ሆድ ሲዋጥ ቶሎ እንደሚሠራ ነገሩኝ፤ እኔም ልክ ስምሪት ከመጀመሬ በፊት መዋጥ ጀመርኩ። ሰናይት እጅ አንድ ነገር ጨብጦ ሲይዝ መንቀጥቀጡ እንደሚቀንስ አሳየችኝ፤ ማርሹን እንደ ጠላት አንገት አነቅኩት። ማንም አላወቀብኝም። ግርማ ሳይቀር።

አምና ፍልሰታ ጾም በገባ በስድስተኛው ቀን፣ አጠና ተራ ፌርማታ ላይ ግርማ «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ! አንድ ሰው!» ሲል የጋቢናው በር ተከፈተ። መጀመሪያ ከዘራ ገባ። ቀጥሎ ነጠላ። ቀጥሎ፣ ብዙ ቆይቶ፣ እትዬ ትርፌ። ለጠበል ወደ ዘነበወርቅ ዘመዳቸው ዘንድ ሊሄዱ ነበር መሰለኝ። መሪው ላይ አዩኝ።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ! ዛሬን ብቻ ነው። ሹፌሩ ታሞብኝ…»

«ታሟል» አሉ። «እያየሁት ነው።»

ሌላ ቃል አልተነፈሱም። አንድ ቃል ለተሳፋሪው ቢናገሩ ያ ታክሲ እንደተደፋ ማሰሮ ይራገፍ ነበር። ዘነበወርቅ ደርሰን ሰው ሁሉ ወረደ፤ እሳቸው አልወረዱም።

«ደርሰናል እኮ።»

«አንተ ትመለሳለህ?»

«አዎ፣ እመለሳለሁ።»

«እኔም እመለሳለሁ።»

ግርማ ተሳፋሪ ለመጥራት ርቆ ሲሄድ ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ። «ለትራፊክ ልናገርብህ እችላለሁ። ለሚስትህ ልናገርብህ እችላለሁ። አልናገርም። መደበቁን የተማርከው ግቢዬ ውስጥ ነው፤ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። እንግዲህ ሰው የምትገድል ከሆነ መጀመሪያ እኔን ትገድላለህ። ሲጋጭ ጋቢና አይደል የሚቀድመው?»

«እትዬ፣ ኧረ እርስዎ እንኳን ይፍሩ!»

«እኔ? እኔ አልፈራም።»

በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው፣ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ከእኔ ጋር ይመላለሳሉ። አይመክሩኝም፣ አይቆጡኝም። ተሳፋሪ «እናትህ ናቸው?» ሲለኝ «ተቆጣጣሪ ናቸው፣ ከላይ ነው የተላኩት» እላለሁ። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው አይስቁም። ግርማ ግራ ገብቶት «ሴትዮዋን ምን አርገናቸው ነው?» ይለኛል። «ዓይናቸውን ጥለውብኝ ነው፣ ቆንጆ ነኝ እኮ» እለዋለሁ።

በውስጤ ግን ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። እሳቸው አጠገቤ እስኪቀመጡ ድረስ መንገዱ መንገድ ነበር። አሁን መንገዱ ሰው ሆነ። ሽንኩርት ተሸክማ የምትሻገር ሴት፣ ስልክ እያየ የሚያቋርጥ ጎረምሳ፣ አጠና ጭኖ የሚወዛወዝ ጋሪ፣ ሁሉም ከእኔ ቀኝ እግር ጋር የተዋዋሉ መሰለኝ። እግሬን ማዳመጥ ጀመርኩ። ፍሬን ላይ ሳሳርፈው እንደ ባዕድ እግር ነው፤ አንድ እስትንፋስ ዘግይቶ ይደርሳል። ትናንት እንደዚህ ይዘገይ ነበር? ወይስ ዛሬ ነው? ማታ ቤቴ ገብቼ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ከአንዱ ሴራሚክ ወደሌላው እያሻገርኩ እለማመዳለሁ። አልማዝ «ምን እያደረግክ ነው?» ስትለኝ «እስክስታ ለእግር» እላታለሁ። ላብ ያጠምቀኛል። ግን ጠዋት እነዳለሁ። ለምን አላቆምክም ብትለኝ፣ የምፈራውን ነገር ማቆምንም እፈራ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በጾሙ ጊዜ ክኒኑ እንደ ሰዓት ነበር የሚሠራልኝ። ጠዋት በባዶ ሆዴ እውጣለሁ፣ ከቀትር በፊት እህል አልቀምስም። እኔ የጾሙ በረከት መስሎኝ ነበር። ፍልሰታ ሲፈታ አልማዝ ዶሮ ሠርታ፣ ዓይብ አቅርባ፣ እኔም በሁለት ሳምንት ረሃብ ሙሉ ዶሮ ከነነፍሷ ዋጥኩ ማለት ይቻላል። ክኒኑንም በላዩ ላይ። ሥጋና ያ ክኒን በአንድ በር ሊገቡ እንደሚጋፉ፣ ሥጋው እንደሚቀድም ሐኪሟ የነገረችኝ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀንም ነግራኝ ይሆናል፤ እኔ ቀልድ ሳስብ አልፎኝ ይሆናል።

ያንን በልቼ ሥራ ወጣሁ። ዕለቱ ያካፋል። ታክሲዋ ጢም ብላለች። እትዬ ትርፌ ቦታቸው ላይ ናቸው። ወደ ማዞሪያው በሚወስደው ቁልቁለት ስወርድ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጫጭ የለበሱ ሴቶች መንገዱን ማቋረጥ ጀመሩ። ጃንጥላ ይዘዋል፣ ይጫወታሉ፣ አይቸኩሉም። ሩቅ ናቸው። ብዙ ጊዜ አለኝ።

«ፍሬን» አልኩ ለእግሬ።

እግሬ ነዳጁ ላይ ተኝቷል።

«ፍሬን!»

አልሰማም። ሲሚንቶ ፈሰሰበት። መሪውን ጨብጫለሁ፣ ዓይኔ ያያል፣ ጆሮዬ ይሰማል፣ ከኋላ አንዱ ስለ ዶሮ ወጥ ያወራል፣ እኔ ግን ከጉልበቴ በታች የለሁም። ጃንጥላዎቹ ይተልቃሉ። የአንዷን ጃንጥላ ቀለም እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ሰማያዊ፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ። መጮህ ፈለግኩ፤ ፊቴም ተተክሏል። ሰው ልገድል ነው፤ ፊቴ ግን ያው የመታወቂያ ፎቶ ነው።

ከዘራው የመኪናውን ወለል ደለቀው።

«ተሻገር!»

እግሬ ተነሣ። እምላለሁ፣ እኔ አይደለሁም ያነሣሁት። የተጋደመ አጠና እንዳየ ተነሥቶ ተሻግሮ ፍሬኑ ላይ ወረደ። ታክሲዋ ተንሸራታ፣ ጮኻ፣ ቂጧን አዙራ ቆመች። ባለ ሰማያዊ ጃንጥላዋ ሴት ከመኪናዋ የፊት መከላከያ አንድ ክንድ ላይ ነበረች። በመዳፏ ኮፈኑን በጥፊ መታችው።

«አንተ ዕውር! እኛ ላይ ነው የምትነዳው?»

ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔ ዳር ይዤ አቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቀልኩ። ዞሬ «ወገኖቼ፣ ይቅርታ፤ ውረዱ» አልኩ።

«ምን ሆነ?»

«ተበላሸ።»

«መኪናው?»

«ሹፌሩ።»

ከዚህ ቀደም ከቀለድኩት ሁሉ ሰው አብዝቶ የሳቀበት እሱ ነው። እየሳቁ ወረዱ። ግርማ ብቻ አልሳቀም። ቁልፉን ለእትዬ ትርፌ ዘረጋሁላቸው፤ የእሳቸውም እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የእኔም፤ ቁልፉ በሁለታችን መሐል እንደ ጸናጽል ሲንሿሿ ቆየ።

«በለው አሁን» አሉኝ።

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

ነገርኳቸው። ዝናቡ መስታወቱን እስኪሸፍነው ድረስ ነገርኳቸው። ግርማ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰማ።

ታክሲዋን አሁን ሌላ ሰው ይነዳታል፤ ይሄኛው እውነት ነው። እኔ ፌርማታው ላይ ተራ አስከባሪ ሆኛለሁ። እትዬ ትርፌ ግን ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። መጀመሪያ ጉሮሯቸው ሰነፈ፤ ውኃ ሲጠጡ ይታነቃሉ። ቀጥሎ በአንድ ቅዳሜ አጠናው ፊት ቆመው እግራቸው አልነሣም አለ። «ይሻገሩ!» አልናቸው፤ እኔ፣ ሰናይት፣ ጋሽ መኮንን በዚያች በቀረቻቸው ድምፅ። አጠናውን አዩት። ለረዥም ጊዜ አዩት። ተዋውቀው እንደማያውቁ። እኔ ጎናቸው ቆሜ የራሴን ደብዳቤ ከፍቼ የማነብ መሰለኝ። ማናችንም አይዞዎት አላልንም። አቅፈን አስቀመጥናቸው። ከዚያ በኋላ ምግብ ወደ ሳንባቸው ገብቶ ደረታቸው ታመመ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አረፉ።

የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ግቢያቸው በር ላይ ነው። ስደርስ ከቀብር ከተመለሰው ሰው ግማሹ ሄዷል። ትልቋ ልጃቸው ሂሩት ደጃፉ ላይ አገኘችኝ። ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል። ልገባ ስል እጇን ደረቴ ላይ አደረገች።

«ጋሽ በላቸው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እማዬ ከእርስዎ ጋር ትቀራረብ ነበር።»

«ጠይቂኝ።»

«አምና በፍልሰታ በየጠዋቱ ትቀሰቅሰኝ ነበር። መግነዟ የትኛው ሻንጣ ውስጥ እንዳለ ትነግረኛለች። ‹ሰማሽኝ?› ትለኛለች። በማግሥቱ ደግሞ ትነግረኛለች። አሥር ቀን ያህል። ሳታለቅስ ከበር ወጥታ አታውቅም፤ የበሩን መቃን ይዛ ‹መድኃኔ ዓለም፣ ዛሬን ብቻ› ስትል እሰማታለሁ። ከሰዓት ስትመለስ ጉንጬን ስማ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ መስሎን ነበር። ስንጠይቅ እዚያ ያያት የለም። እስክትሞት አልነገረችኝም።» አፏን በነጠላዋ ያዘች። «የት ነበር የምትሄደው?»

ሰባት መልስ መጣልኝ፤ ሰባቱም ቀልድ። አንዱ በተለይ ጥሩ ነበር። በለቅሶ ቤት ሰው ያስቃል። ዋጥኩትና ነገርኳት። ዋሽቼ እየነዳሁ እንደነበር፣ እናቷ ለምን አጠገቤ እንደተቀመጡ፣ ቁልቁለቱን፣ ሰማያዊዋን ጃንጥላ። እጄን ከኪሴ አውጥቼ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ አንዱንም ሳላሳምር ነገርኳት። ስጨርስ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ጭምር ወደ እኔ ዞረዋል።

ሂሩት ቀና ስትል የእናቷ ዓይን ነው ያየኝ።

«ዛሬስ በምን መጡ?»

«በእግሬ።»

ወደ ጫማዬ አየች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነበር። ከደረቴ ላይ እጇን አነሣች።

«እንግዲያው ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለችኝ።